ነሐሴ ላይ ከጢስ አባይ መመለሻ ስታጡ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰላም ናችሁ? ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል። ታገሱኝ።

ነሐሴ ላይ ሦስት ሆነን ከባሕር ዳር ጢስ አባይ በእግራችን ሄድን። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐሳባችን በእግር ሄዶ በመኪና መመለስ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ስንነሳ ሰማዩ ብርሌ ይመስላል። አንዳሳ ላይ ዳቦ በሻይ በላን፣ እየተቀላለድን ቀጠልን። 7 ሰዓት ላይ በስተምሥራቅ ጠቆረ። 8 ሰዓት ሳይሞላ ወረደብን። የክረምት ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ይሄኛው ግን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይመጣ ነበር። መንገዱ ጎርፍ ሲሆንብን በማሳ ዳር እንሂድ ብለን ወጣ ስንል ደግሞ መረሬው ያዘን። ጫማዬ በየእርምጃው እየወፈረ ሄዶ መጨረሻ ላይ እግሬ የዝሆን እግር አከለ።

ከተማዋ ስንደርስ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ደስ አለን። ረዳቱ ሲሞላ እንወጣለን አለ። እኛን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ነበርን። 11 ሰዓት ሆነ፤ አንድ ሰው ወረደ። 11 ተኩል ሆነ፤ ሁለት ሰው ገባ፣ ሦስት ወረደ። ሊመሽ ሲል ሹፌሩ ራሱ ወረደና ጎማውን በእግሩ መታ አደረገ። ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። ነገ ጠዋት ነው አለን። አለቀ።

ያደርነው አንዲት እናት ቤት ነው። የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን ብለን አንኳኳን፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው ብለው አስገቡን። እሳት ዳር አስቀመጡን። ከዚያ ያደረጉትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጫማችንን ተቀበሉን። ጭቃውን በማጭድ ጀርባ ፋቁት። ከጓዳ አንድ እቅፍ ደረቅ ጭድ አመጡና ወደ ጫማው ውስጥ ጠቀጠቁት፤ እስከ ጣቱ ድረስ። ጭዱ ውሃውን ሲጠጣ አወጡና በሌላ ቀየሩት። ሌሊትም ተነስተው አንዴ ቀይረውታል፤ እኔ ብቻ ነቅቼ አየኋቸው። ጠዋት ጫማችን ደርቋል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እኔ የምለው፣ ክረምት ላይ ከ9 ሰዓት በኋላ መኪና መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ሳይመሽ ማደሪያ መፈለግ ይሻላል። አንዱ ጓደኛዬ ጠዋቱኑ ኮንትራት መያዝ ነበረብን ባይ ነው። ሌላው ደግሞ ድሮም መውጣት አልነበረብንም ይላል። እናንተስ?

(ከሁለት ሳምንት በኋላ የጨመርኩት፦ መልሱ በዛ፣ ግማሹም ተዘባረቀ። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች በየተራው በራሴ አባባል አሳጥሬዋለሁ። አዳልተሃል የምትሉ ካላችሁ ጻፉልኝ።)

1. የመጀመሪያው ሰው እንኳን በሰላም ገባችሁ ብሎ ሐሳቤን ደገፈ። ሌላ የጨመረው የለም። ጨዋ ሰው ነው።

2. ሁለተኛው መላሽ የሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ በዕድሜም ጋሼ የሚባሉ። በዚያው መስመር ዓመታት ሠርተዋል። ከእኔ ጋር አልተስማሙም፤ ግን አልተቆጡም፣ አስረዱ። ማታ ግማሹ ባዶ የሆነ መኪና ይዞ መመለስ ማለት ነዳጅን ከራስ ኪስ ማቃጠል ነው። ያንን ነዳጅ ለማግኘት ሰልፍ ላይ የሚታደርበት ቀን እንዳለም አልሸሸጉም። የከሰዓቱ ጉዞ የሚወሰነው ጠዋት ነው ባይ ናቸው። የገበያ ቀን ከሆነ ከባሕር ዳር የመጣው ነጋዴ ማታ መመለሱ አይቀርም፤ መኪና አይጠፋም። ገበያ ካልሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም፤ ሰው ከሌለ ደግሞ መኪና የለም። ስለዚህ ተጓዥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የመኪናውን ሰዓት ሳይሆን የገበያውን ቀን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አነሱ። የጎደሉትን ወንበሮች ሦስታችን ተካፍለን ብንከፍል ኖሮ ያ ሹፌር እየዘመረ ይነዳ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይሄ ጭራሽ አልመጣልንም። ለሁለት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጠን ሰው ስንቆጥር ነበር።

3. ሦስተኛው መልስ መረር ያለ ነው። ጸሐፊው የገጠር ልጅ ነው። እኛ የእግር ጉዞ ብለን ፎቶ የምንነሳበት ነገር ለእናቱ መንገድ ብቻ ነው። ነሐሴም ይሁን ጥር፣ ማገዶ ተሸክማ ትሄድበታለች፤ መድረክ ላይ ወጥታም ምክር አልጠየቀችም። ቀጥሎ ስለ ጫማችን ዋጋ የተናገረውን እዚህ አልደግመውም። ግን ልክ ነው። ጫማዬ ውድ ነበር፤ ጭቃው ላይ ምንም አልጠቀመኝም።

4. አራተኛዋ መላሽ ለሦስተኛው መለሰችለት። እሷም የገጠር ልጅ ናት፤ እናቷም ማገዶ ተሸክማለች። መንገድ ማወቅና በማያውቁት ሰፈር መምሸት ግን ለየቅል ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በር ማንኳኳት ለሦስት ጎረምሶች ቀላል ነው፤ ብቻዋን ለሆነች ሴት ግን እንደዚያ አይደለም። እሷ ስትወጣ የምታደርገው፣ ገና በቀን ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወይም ሻይ ቤት ቁጭ ብላ ከአንዲት እናት ጋር መተዋወቅ ነው። ዝናቡ ካበረታ የምታንኳኳው በር አስቀድሞ አለ ማለት ነው። የት እንደደረሰችም ለእህቷ ሳትነግር አትቀጥልም። በዚህ የውይይት ክር ውስጥ እኔ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ማደሪያ የሚፈለገው ሲመሽ ሳይሆን ሳይጠቁር ነው።

5. አንድ ሰው ለ4ኛዋ ልብ የሚመስል ነገር ላከ። እንዝለለው።

6. ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ገቡ። ትንሽ ያስረዝማሉ፤ ግን ተሰሚነት አላቸው። የእኛ ደመና ከምሥራቅ የመጣው ያለ ነገር አይደለም፤ በዚያ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና አለ። ቀን ፀሐይ ተራራውንና ተዳፋቱን ስታሞቅ አየሩ ይነሳል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ይከመራል። ለዚህ ነው ደገኛው ከሰዓት በኋላ ዝናብ የሚጠብቀው። ሐይቁ ላይና ባሕር ዳር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማታ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ቀዝቃዛው አየር ከዙሪያው ወደ ሐይቁ ይወርድና በሐይቁ ላይ ያለውን ሙቅ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። የባሕር ዳር ሰው ሌሊት ቆርቆሮው ሲንኳኳ አድሮ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ተነስተው አንድ እርማት ሰጡኝ። የባሕር ዳርን ጠዋት አይቶ የጢስ አባይን ከሰዓት መገመት ስህተት ነው። ብርሌ የመሰለው ሰማይ የነገረን ሌሊቱ ማለፉን ብቻ ነበር። እሺ የኔታ።

7. የዘጌ ልጅ የጀልባውን ነገር አመጣ። በመንገድ ብቻ ለምን እናወራለን አለ። የሐይቁም ሕግ ያው ነው፤ ጠዋት ለስላሳ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስና ሞገድ። ገዳማቱን ሊሳለም ወይም የቡናውን ጫካ ሊያይ የሚመጣ ሰው በጠዋት መጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ አለበት። እሱ ራሱ የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ አፋፍ በምትባለው የዘጌ ከተማ ሁለት ቀን ታግቶ ነበር። የጀልባው ባለቤት ሞገዱን እያየ አልወጣም አለ። አብረው የነበሩ ሰዎች ብር ጨመሩ፤ አሁንም አልወጣም አለ። ያኔ ሰድበውታል። በማግስቱ ሌላ ጀልባ ውሃ ሞልቶት ሰዎቹ በጀሪካን ሲቀዱ ካዩ በኋላ ይቅርታ ጠየቁት። የጀልባ ሰው አልወጣም ካለ አትለምኑት፤ እወጣለሁ ሲል ነው መፍራት።

መኪናም ጀልባም ከጠፋ ደግሞ ከአፋፍ ባሕር ዳር በእግር ይመጣል። ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ክረምት ላይ ግን መንገዱ ጭቃ ነው።

8. አንድ የቆየ ሰው ስለ ጎርጎራው መርከብ ትዝታውን አወራ። በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ይነሳና ደሴቶቹንና ወደቦቹን እየነካካ፣ ቁንዝላ አድሮ ጎርጎራ ይገባ ነበር። ጎርጎራ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ መርከቡ ሲሄድበት ጎንደር ወጥቶ ሐይቁን በአስፋልት ዞሮ ተመለሰ። መርከቡ ላይ በሶ በጥብጠው ያጠጡትን አዛውንት ግን እስከ ዛሬ ያስባል። በዚያ ላይ የዛሬ ልጆች እንዲህ ዓይነት ነገር አላዩም የሚል ወቀሳ ጨመረበት፤ ምን እናድርግ።

9. ከደንቢያ የመጣ ሰው ለ8ኛው እርማት ሰጠ። በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ አሁን ከሞገዱ ይልቅ እምቦጩ ነው የሚያስቸግረው። የጀልባ ሞተር ውስጥ ይጠመጠማል፤ ታንኳ ደግሞ ጭራሽ አያሳልፍም። ካርታ ላይ ዳርቻ የሚመስለው ነገር ሲደርሱበት አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ ቢረግጡት ይሰምጣል።

10. እዚህ ላይ የልብስ ጦርነት ተጀመረ። አንዱ ጋቢ ከሌለ ጉዞ የለም አለ። ከ11 እስከ 14 ያለው ሁሉ ለእሱ የተሰጠ መልስ ነው። አንድ ላይ ላድርገው።

ጋቢ ደረቅ ሲሆን ወደር የለውም፤ ሲርስ ግን ጥጥ ስለሆነ ውሃውን ይዞ ይከብዳል፣ ከሰውነት ላይ ሙቀት ይስባል። ይህን ያለችው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጅ ናት። ብርድ የሚገድለው ደጋ ላይ ብቻ አይደለም ትላለች። ርሶ፣ ነፋስ አግኝቶት፣ ደክሞትና ርቦት የተቀመጠ ሰው ባሕር ዳር ዙሪያም ሊደነዝዝ ይችላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መንተባተብና መሰናከል ነው። እንደ ሰካራም የሚሆን ጓደኛ ካያችሁ አትሳቁበት፤ እርጥቡን አውልቁለት፣ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት። አረቄ አይሰጥም። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀቱን ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክነዋል። (አንዱ ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ ዝም አለ። ያን ቀን ምን እንደጠየቀ እሱ ያውቃል።)

ሌላው ሱፍ ይሻላል አለ፤ በርኖስ ወይም ባና ቢርስም ያሞቃል። ሦስተኛው ከውጭ የመጣ የዝናብ ጃኬት አወደሰ፤ ስልክ ቁጥሩንም ከሥሩ ጻፈ። ነጋዴ ነህ ተባለ። ነጋዴ መሆን ነውር ነው ወይ አለ። አስተዳዳሪው ቁጥሩን አጠፋበት። 14ኛው ሰው ሁሉንም ትቶ ስለ ገሳ ጻፈ። እረኛ ሆኖ አድጓል። ከሳር የተጎነጎነውን ገሳ ከአናቱ ደፍቶ ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቶ ሲቀመጥ ውሃው በሳሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርድ ነበር። ከውስጥ ደግሞ አየር ያሳልፋል፤ እንደ ላስቲክ በላብ አያርስም። የሚከፋው ነፋስ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እንደ ዶሮ ላባ ይበተናል። በጣም ወደድኩት።

15. አንድ ዲያቆን ስለ ቆሎ ተማሪዎች አነሳ። የዚህ አገር የረጅም መንገድ ተጓዦች እነሱ ናቸው፤ አኮፋዳ፣ ደበሎ፣ ዱላ፣ ሌላ የለም። ከጎጃም ጎንደር ለትምህርት ሲሻገሩ ወንዝ ሞልቶ ካገኙት ቁጭ ይላሉ። ደራሽ ውሃ እንደ መጣ ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት የታገሠ በእርጋታ ይሻገራል። የግድ ከሆነ ተያይዘው፣ ዱላቸውን በላይኛው በኩል እየተከሉ፣ ከጉልበት በታች በሆነበት ቦታ ብቻ።

16. የፎገራ ሰው ግን ዲያቆኑን አላለፈውም። ይሄ ለተራራ ወንዝ ይሠራል አለ። ርብና ጉማራ ሜዳው ላይ ሲወጡ በሰዓታት አይመለሱም። ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፣ ቤት ይገባል፣ ሳምንታት ይቆያል። እሱ ሩዝ ገበሬ ነው፤ ውሃውን የሚፈልገውም የሚፈራውም እሱ ነው። በክረምት በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ በእግር እሄዳለሁ የሚል ሰው ካለ በሐሙሲትና በወረታ ያለውን አስፋልት እንዲይዝ መከረ። ዲያቆኑ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ክሩ ውስጥ ይቅርታ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው።

17. መብረቅ። አንዲት ልጅ አያቷ በዝናብ ቀን ቀይ ልብስ እንደማያስለብሷት ጻፈች። ተሳሳቁ። መምህሩ ተመልሰው መጡና ቀለሙን ተዉት አሉ። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዋርካ ነው አደገኛው፤ ሰው ደግሞ ሲዘንብ ወደዚያው ይሮጣል። ብልጭታውን አይቶ እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይነግራል። ቁጥሩ እያነሰ ከመጣ ጠንካራ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት ነው። ከዚያ አንድ ሰው ዋርካ ሥር የተጠለሉ ሁለት በሬዎቹን በአንድ ቀን ማጣቱን ጻፈ። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

18. ከዚህ በኋላ ክሩ ጠፋ። አንዱ ፏፏቴውን በነሐሴ ማየታችን ዕድል ነው አለ፤ ሙሉ ሆኖ የሚታየው ያኔ ነው። ሌላው ውሃው ለመብራት ስለሚሄድ ድሮ የነበረው አይደለም ብሎ የ2010 እ.ኤ.አ. የጣና በለስን 460 ሜጋ ዋት ጠቀሰ። መብራት አትፈልግም ወይ ተባለ። ሰፈራችን ድሮም መብራት የለም አለ። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ የአባይን ምንጭ ጀምስ ብሩስ በ1770 አገኘው ብሎ ጻፈ፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል ተባለ፤ ምንጩ ያለበት የሰከላ ልጅ መጥቶ አያቶቻችን ጠፍቶባቸው ነበር ወይ ብሎ ዘጋው። ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመን አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ፏፏቴው ሲኬድ የሚታለፈው የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው የ17ኛው መቶ ዘመን ድንጋይ ድልድይ ዛሬም ያሻግራል። ወንዙ ሞልቶ ጀልባው ሲቆም መመለሻው በእሱ ነው።

19. አንድ ሰው ሦስት መስመር ብቻ ጻፈ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳትጠይቁ አትውጡ። መታወቂያ ያዙ። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል የት እንደምትሄዱ ከቤት ሳትወጡ ተናገሩ። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም።

20. ሦስተኛው፣ መራራው ሰው፣ ተመልሶ መጣ። ያደርንበትን ቤት አሳዩኝ አለ። አላሳየሁትም፤ ነገ ሠላሳ ሰው እናትየው በር ላይ ሊቆም ነው። ከዚያ በውስጥ መስመር ጻፈልኝና የጢስ አባይ ልጅ መሆኑን ነገረኝ። ምናልባት ያውቃቸው ይሆናል። አልጠየቅሁትም።

21. ጋሼ ሹፌሩ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ጠዋት ያ ሚኒባስ ወጣ ወይ አሉ። ወጥቷል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ሞልቶ፣ ሁለት ሰው ትርፍ ጭኖ። እኛ ግን አልተሳፈርንም። እናትየው ቁርስ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው ነበር። በእግራችን ነው የተመለስነው።

22. አንዲት ልጅ ደግሞ ጭዱ የምን እንደሆነ ጠየቀች። ጥቅምት ላይ ስኳርና ቡና ይዤ ስሄድ እኔም ጠይቄያቸው ነበር። የጤፍ ነው። የገብስ አይሆንም፤ ይወጋል።